ከግቢ የማይወጣ ቁልፍ

ቀን የሚተኛ ሰው ጠላት አያጣም። ሌሊት የሚተኛውን ዓለም ሁሉ እሽሩሩ ይለዋል፤ መብራት ይጠፋለታል፣ በር ይዘጋለታል፣ ጎረቤቱ ሳል ቢይዘው እንኳ ትራስ ውስጥ ገብቶ ይስላል። ቀን የሚተኛውን ግን እንደ ሰው የሚቆጥረው የለም። ወይ ታሟል ይሉታል፣ ወይ ሰንፏል። የዚህ ታሪክ ባለቤት በጭፈራ ቤት ስትደንስ ሁለት ዓመት ሆኗታልና ይህንን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሰውነቷ እንደፈለጉ ስለሚተጣጠፍ የሥራ ባልደረቦቿ ላስቲክ ይሏታል። እኛም ላስቲክ እንበላት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስሙንም አትጠላውም። የምትኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት አምስት የኪራይ ክፍሎች በመጨረሻዋ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ብረት በያጅ አለ። እሷ ገና ዓይኗን ስትከድን እሱ መዶሻውን ያነሳል። እሱ ለምሳ ሲያርፍ ደግሞ አከራይዋ ትመጣለች።

"ልጄ፣ ተኝተሻል እንዴ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"በይ ተኚ፣ ተኚ። ልብስሽ ከገመዱ ላይ ወድቋል ልልሽ ነው እንጂ ልቀሰቅስሽ አይደለም።"

አከራይዋ ክፉ ሴት አይደለችም። አንድ ነገር ላይ ግን ድንጋይ ናት፤ የግቢው በር ቁልፍ ላይ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩን ትቆልፍና ቁልፉን በረንዳዋ ላይ ካለው ሚስማር ትሰቅለዋለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተከራይ ከውስጥ የሚከፍትለት ሰው ሊኖረው ይገባል። "ቁልፍ ከግቢ አይወጣም" ትላለች፣ ሕግ እንደምታነብ ሁሉ።

ለላስቲክ የምትከፍትላት ታናሽ እህቷ ናት። ሚጣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጓደኞቿ ፊት ሚጣ ሲሏት ታኮርፋለች። ከወላጆቻቸው ዘንድ ለትምህርት የመጣችው አምና ነበር። እናታቸው የላስቲክን ሥራ ታውቃለች፤ ሲነገራት "እሰይ! እኔ ይኸው ዕድሜ ልኬን በነጻ ስሽከረከር ኖሬ የለ?" ብላ ነው የሳቀችው። ሚጣን አውቶቡስ ላይ ስታሳፍራት ግን አልሳቀችም። "አደራ" አለች በስልክ። "አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ቀረሁ፤ ይህቺን ግን ተምራ ሰው አድርጊልኝ።"

ላስቲክ ከሥራ ወጥታ በሩ ላይ የምትደርሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። በጥፍሯ ሁለት ጊዜ ቀስ፣ ሦስት ጊዜ ፈጠን አድርጋ ታንኳኳለች። አምስተኛው ሳያልቅ ቁልፉ ቀጭ ይላል፤ ሚጣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቆማለች። "ይህቺ ልጅ እንደ ድመት ናት" እያለች ላስቲክ በሥራ ቦታ ትኮራባት ነበር። "ኮሽ ሲል ትነቃለች።"

በጭፈራ ቤቱ የሚያሠለጥናቸውን ሰውዬ ጥርስ ብለው ነው የሚጠሩት። ስሙን ያገኘው ከአፉ ነው። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው፣ የትናንቱ ሲጋራ ገና መጋረጃው ውስጥ እያለ፣ ስድስቱን ሴቶች ያሰልፍና እስክሪብቶ በጥርሳቸው አግድም እንዲነክሱ ያደርጋቸዋል። እንደዚያው ነክሰው አንድ ሰዓት ይደንሳሉ። ጉልበት ይበጥ፣ የእግር ጣት ይድማ፣ እሱ ጉዳዩ አይደለም። "ዓይን ባረፈባችሁ ቁጥር ጥርስ!" ይላል። "ሰዉ የእናንተን ችግር ሊያይ አልመጣም፤ የራሱ ይበቃዋል!" አፏን የገጠመች ሴት የኋላ መስመር ትገባለች፤ እዚያ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ሥር ነው የሚጮኸው። ላስቲክ ከፊት መስመር መሃል ላይ ናት። ከላይ ጥርስ፣ ውስጡን ለቄስ።

የዚህ ሥልጠና ጣጣው ከጭፈራ ቤቱ ውጭም መከተሉ ነው። ላስቲክ አሁን ብዙ ዓይን ካረፈባት ከንፈሯ ሳያስፈቅዳት ይከፈታል። በፈራች መጠን ደግሞ ይብስበታል። መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ ፎቶ አንሺው "እመቤት፣ ሠርግ አይደለም" እያለ አራት ጊዜ ነው የደገመላት። ልቅሶ ቤት በሩ ላይ ቆማ ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ሲያያት ጥርሷ ፍልቅ ብሎባት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተመልሳ ሮጣለች። ያን ቀን አልቅሳለች፤ ያለቀሰችው ግን ለሟቹ ብቻ አልነበረም።

አንድ ማታ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የሥራ ጫማዋን ስታጠልቅ እግሯ ሥር ወረቀት ተንኮሻኮሸ። የትምህርት ቤት ማኅተም አለበት፤ የተማሪዋ አሳዳጊ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲቀርብ ይላል። ከሥሩ በእርሳስ የሚጣ ጽሕፈት አለ፤ "እታለም አትቆጪ። ጫማሽ ውስጥ የከተትኩት ሌላ ቦታ ስለማታዪ ነው።" የወረቀቱ ቀን የተጻፈው ከአራት ቀን በፊት ነበር። ያን ሌሊት ላስቲክ ስትዘል አድራ፣ ቤቷ ገብታ ፊቷን ታጥባ፣ ሹራብ ደርባ፣ ቅንጣት እንቅልፍ ሳታይ ከሚጣ ጋር ትምህርት ቤት ሄደች። አንገቷ ላይ ያለው ብልጭልጭ ግን በሳሙናም አልለቀቀ።

ዳይሬክተሯ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተቀምጣለች፤ በቀኝና በግራዋ የክፍሉ ኃላፊና የሒሳብ መምህሩ። ሦስቱም በአንድ መስመር። ለላስቲክ ወንበር አልተሰጣትም፤ ባዶው ወለል መሃል ቆመች። አይ መከራ! ከዚህ በላይ መድረክ የሚመስል ነገር ሊገኝ አይችልም።

"የተማሪዋ ወላጅ እርስዎ ነዎት?" አለች ዳይሬክተሯ፣ ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ "አንቺ ነሽ?" አለች።

"ታላቅ እህቷ ነኝ።"

"እህትሽ ክፍል ውስጥ ትተኛለች። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ፈተና ላይ ወረቀቱን ተንተርሳ ተኝታ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው የመጣው።"

ሦስት ጥንድ ዓይን ላስቲክ ላይ አረፈ። እናቷ ትዝ አለቻት፤ አደራው ትዝ አላት። ጥርሷም ፍልቅ አለ።

"ምን የሚያስቅ ነገር አገኘሽ?" አለች ዳይሬክተሯ።

"ኧረ ምንም! ይቅርታ" አለች ላስቲክ። ይቅርታዋም በሙሉ ጥርስ ወጣ። ከንፈሯን ለመግጠም ታገለች፤ ጉንጯ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልታዘዛትም። በእጇ ብትሸፍነው ባሰ፤ አሁን ሳቋን የምትደብቅ መሰለች።

"የልጅቷ ንቀት ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ" አለች ዳይሬክተሯ፣ ፋይሉን እየዘጋች። "ከዚህ በኋላ ብዙ ማውራት አያስፈልገንም።"

"እየሳቀች አይደለም!" አለች ሚጣ።

እስከዚያ ድረስ በሩ ጥግ ሆና ጫማዋን ነበር የምታየው። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ግን ቀጠለች። "ፈርታ ነው። ሰው ሲያያት ፊቷ እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ ሥራ ቦታ አስለምደዋት ነው። ይሄ የሥራዋ ፈገግታ ነው። የቤቱ ሌላ ነው። የቤቱ ወደ ግራ ትንሽ ጠመም ይላል።"

የክፍሉ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ "አንቺስ ለምንድን ነው የምትተኚው?" አላት።

"በር ስለምከፍት ነው።"

"ስንት ሰዓት?"

"አሥር ሰዓት።"

"ታዲያ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል?"

"ከዚያ በኋላማ እተኛለሁ" አለች ሚጣ። "ከዚያ በፊት ነው የማልተኛው።"

"ለምን?"

ሚጣ እህቷን ሳታይ መለሰች። "ካልመጣችስ ብዬ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባዳ እንኳ ሊጠረጥረው የሚችለውን ነገር ላስቲክ የሰማችው ዛሬ ነው። እንደ ድመት ናት እያለች የኮራችባት ልጅ ድመት አልነበረችም። በጨለማ ቁጭ ብላ፣ ሰዓት እየቆጠረች፣ እህቴን መኪና ገጭቷት ይሆን፣ ሰካራም ተከትሏት ይሆን እያለች ዓመት ሙሉ ስታነጋ የኖረች ሕፃን ነበረች። ጥርሷ ግን አሁንም ውጭ ነው፤ በጥርሷ ላይ እንባዋ ወረደ።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ከዚያ መልሳ ዳይሬክተር ሆነች። "አዝናለሁ። ለአንዷ ብፈቅድ ግን ነገ ሁሉም ትራስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እኔ ትምህርት ቤት እንጂ አልጋ አላከራይም። ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሁለት ወር ነው የቀረው። ካሁን በኋላ አንድ ቀን ብቻ ክፍል ውስጥ ተኝታ ብትገኝ መልቀቂያዋን ይዛ ትሄዳለች። በሩን እናንተ ተነጋገሩበት።"

ላስቲክ ያን ዕለት አልተኛችም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ አከራይዋ በረንዳ ላይ ሄዳ ቆመች።

"እማማ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ቁልፍ ላስቀርጽ። ለልጅቷ ብለው።"

"ቁልፍ ከግቢ አይወጣም።"

"እኔ እኮ እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ አንድ እንግዳ አስገብቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። አንቺን አይደለም፣ ልጄ፤ ቁልፉን ነው የማላምነው።" አከራይዋ አጠገቧ ያለውን ዱካ ሳበችላት። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጨዋ ተከራይ ነበራት፤ ቁልፍ አስቀርጾ ለጓደኛው ሰጠው፣ ጓደኛው ለማን እንደሰጠ እግዜር ይወቅ። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ስትመለስ ቤቷ ተጠርጎ ጠበቃት። ቴሌቪዥኑ ይሁን፤ የሟች ባሏን ኮት ወሰዱት፣ ምድጃው ላይ የነበረችውን ድስት ከነወጧ ወሰዱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ላስቲክ ታሪኩን ስትሰማ አዘነችላት፤ ቁልፉን ግን አላገኘችም።

ጥርስንም ለመነችው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልውጣ፣ በሩ ሳይቆለፍ ባልደርስ እንኳ ቢያንስ ልጅቷ ብዙ ሳትጠብቅ ልግባ ብላ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። "በመጨረሻው ጭፈራ ከፊት መስመር መሃሏ ትጉደል? ያኔ እኮ የወለቀ ጥርስ ነው የሚመስለው!" አላት። ሥራውን እንዳትተወው ደግሞ የሚጣ ደብተርም፣ ዳቦም፣ ያቺ ክፍልም ከዚያ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ዋሸች። "ሚጣዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትጠብቂኝ" አለቻት። "ጭፈራ ቤቱ አልጋ ገዝቶልናል። ሥራ ስንጨርስ እዚያው ተኝተን ሲነጋ ነው የምንመጣው።"

"ስንት አልጋ?"

"ስድስት። ለእያንዳንዳችን።"

"እሺ" አለች ሚጣ። እሺታው ቶሎ ነበር የመጣው፤ ላስቲክ ግን ድካሟ ልብ አላስባላትም።

ጭፈራ ቤቱ እንኳን አልጋ ሊገዛ፣ ሥራ ሲያልቅ ዘበኛው በመጥረጊያ ነው የሚያስወጣቸው። ላስቲክ እንደወትሮው አሥር ሰዓት ላይ በሩ ጋ ደረሰች፤ አላንኳኳችም። ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ ተራመደችና ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብረቱ ጀርባዋን አቀዘቀዘው። እግሯ ይጠዘጥዛታል፤ ልቧ ግን ደስ ብሎታል። ልጅቷ ተኝታለች ብላ ስታስብ ብርዱ ይቀልላታል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አከራይዋ የቧንቧ ውሃ ሳይሄድ ለመቅዳት ጄሪካኖቿን እያንኳኳች ስትወጣና በሩን ስትከፍት ላስቲክ ብድግ ብላ አሁን የደረሰች መሰለች።

"ዛሬስ አመሸሽ!"

"ኧረ አነጋሁ እንጂ፣ እማማ።"

ሁለተኛውም ሌሊት እንደዚያው ሆነ፣ ሦስተኛውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚጣ ቦርሳዋን ስታነግት ላስቲክ የግራ እጇን ጀርባ አየችው። ጥቃቅን ጥቋቁር ነጥቦች ሞልተውበታል፤ አንዳንዱ ቆስሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እርሳስ ነው። ሒሳብ ሲሰለቸኝ ስጫወት።"

"ጥሩ ጨዋታ አላገኘሽም" አለቻት ላስቲክ፤ ከዚያ አልጋው ላይ እንደወደቀች ቀረች። የሚጣ ዓይኖች ዙሪያቸው መጥቆሩን ያየችው በእንቅልፍ ልቧ ነበር፤ መዶሻው ሲጀምር ረሳችው።

በአራተኛው ሌሊት ዝናብ መጣ። ላስቲክ ከበሩ ላይ ወጣ ካለችው ቆርቆሮ ሥር ተለጥፋ ቆመች፤ ቆርቆሮዋ ራሷን እንጂ እግሯን አላስጠለለችም። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ለዚህኛውስ ማንም አላሠለጠናት። ዝናቡ ጋብ ሲል ከብረቱ ወዲያ፣ ልክ በጆሮዋ ትይዩ፣ አንዲት ትንሽ ሳል ሰማች። ታፍና የወጣች ሳል።

"ሚጣ?"

ላስቲክ ብረቱን በጥፍሯ ነካ አደረገች።

"ሚጣ!"

"…አቤት።"

"እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምንም።" ከዚያ "ስድስቱ አልጋዎችስ?" አለች።

ላስቲክ ግንባሯን ብረቱ ላይ ደገፈች። ማልቀስም መሳቅም አማራት። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀን። እርምጃሽን አውቀዋለሁ፤ ጫማ ብታወልቂም አውቀዋለሁ። መጥተሽ ስትቀመጪ ይሰማኛል። ከዚያ እኔም እዚህ እቀመጣለሁ፤ የእማማ ጄሪካን ሲንኳኳ ሮጬ እገባለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልከፈትሽልኝም?"

"እኔ እንድተኛ ብለሽ አይደል ብርዱን የምትችዪው? ነቅቼ ብታገኚኝ ይከፋሻል ብዬ ነዋ።"

ያኔ ነው የእርሳሱ ነገር የገባት። ልጅቷ አራት ሌሊት ሳትተኛ አድራ፣ ቀን ክፍል ውስጥ ላለመተኛት እጇን ትወጋ ነበር። እኔ ለእሷ ስል፣ እሷ ለእኔ ስትል፣ በአንድ ብረት ወዲያና ወዲህ ተቀምጠን ሁለታችንም ልናልቅ ነው አለች በልቧ። "አደራዬን በላሽ" የሚል የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ እናቷ ግን እንደዚያ ብላ አታውቅም።

የበረንዳው በር ሲጢጥ አለ። አከራይዋ በአንድ እጇ ባትሪ፣ በሌላው ጄሪካን ይዛ መጣች። "በስመ አብ! ልጄ፣ ከበሩ ጋር ነው እንዴ የምታወሪው?"

አከራይዋ ብርድ ልብሱን አየች፣ ልጅቷ የተቀመጠችበትን የተገለበጠ ባልዲ አየች። ከዚያ ቁልፉን አስገብታ በሩን ከፈተችና ባትሪውን ወደ ውጭ አበራች።

መብራቱ በቀጥታ የላስቲክ ፊት ላይ አረፈ። ፀጉሯ ከጉንጯ ተጣብቋል፣ ኩሏ አገጯ ድረስ ወርዷል። በዚያ ብርሃን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይታዘዝ የመጣው ጥርስ አሁንም መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ወደ ታች ተጣመመ፤ ላስቲክ በሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን፣ አፏን ከፍታ አለቀሰች።

"ስንተኛ ቀንሽ ነው?" አለች አከራይዋ፣ ድምፅዋ ወርዶ።

"አራተኛ" አለች ሚጣ ከኋላ። "ለሁለታችንም።"

አከራይዋ ባትሪውን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። ዝናቡ ጄሪካኑ ላይ ይንጠባጠባል። "እኔ ሌባ እንዳይገባ ብዬ ልጆች ውጭ ላሳድር?" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር። "ያ ሌባ ድስቴን ብቻ አይደለም ለካ የወሰደው።" ቁልፉን ከበሩ ነቅላ የላስቲክ መዳፍ ውስጥ ጨመረችው። "ነገ አስቀርጪና ይሄንን መልሺልኝ። ከጠፋ ቆዳሽን ነው የምገፈው፤ ነግሬሻለሁ። አሁን ግቡ፣ ብርድ ጨረሳችሁ። ውሃዬም ሊሄድብኝ ነው!"

በማግስቱ ሌሊት ላስቲክ አዲሱን ቁልፍ አንገቷ ላይ በክር አስራ ደነሰች። ጥርስ "ያ ምንድን ነው? አውልቂው!" ቢላትም አላወለቀችም፤ የኋላ መስመር አስገባታለሁ ብሎ ዛተባት፣ ግዴለም አለችው። አሥር ሰዓት ላይ በሩን ራሷ ከፈተች፣ ራሷ ቆለፈች፣ በእግር ጣቷ ግቢውን አቋርጣ ክፍሏ ገባች።

ሚጣ ተኝታለች። አፏ ተከፍቷል፣ አንድ እግሯ ከአልጋው ወርዷል፣ ደብተሩ ደረቷ ላይ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጠብቅ ሰው የለም። ላስቲክ ደስ አላት። ትንሽም ከፋት፤ የሚጠብቃት ሰው መኖሩን ለካ ትወደው ነበር። ደብተሩን አነሳችላት፣ እግሯን መልሳ አለበሰቻት። የተወጋው እጅ መድረቅ ጀምሯል።

"ቆለፍሽው?" አለች ሚጣ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ቆልፌዋለሁ። ተኚ።"

ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞረችና መልሳ እንቅልፍ ወሰዳት። ላስቲክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጨለማው ውስጥ፣ አንድም ዓይን ሳያርፍባት፣ ፈገግ አለች። ይቺኛዋ የቤቷ ናት፤ ወደ ግራ ጠመም ያለችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተኛች።